አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ

ወልድያ ውስጥ ከአባቴ በወረስኩት ፎቶ ቤት መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከጦርነቱ በፊት ሥራዬ እንደማንኛውም ፎቶ ቤት ነበር፤ ሠርግ፣ ምርቃት፣ ክርስትና፣ የተማሪዎች የቡድን ፎቶ። ከሽሽት ስመለስ በሩ ተገንጥሎ፣ መብራቶቹ ተነቅለው፣ አባቴ ሐይቅ የሳለበት የፎቶ መጋረጃ ሳይቀር ተወስዶ አገኘሁት። የተረፈችኝ ይዣት የሸሸሁት አንዲት ካሜራ ናት። ግድግዳውን ቀለም ቀባሁና እንደገና ከፈትኩ።

ያኔ ቀድመው የመጡት ደንበኞች ልጃቸውን በጦርነቱ ያጡ ወላጆች ነበሩ። በመሀረብ የተቋጠረች ትንሽ ጉርድ ፎቶ ያወጡና "ይቺን አሳድጊልን" ይሉኛል። ልጁን አሳድገው ጨርሰው፣ ለእኔ ደግሞ ፎቶውን ሰጡኝ። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሁሉም ለመታወቂያ የተነሱ፣ ሁለቱም ጆሯቸው እንዲታይ ቀጥ ያሉ፣ ፈገግታ የተከለከሉ። ወራቱን ሙሉ እነዚያን ፊቶች ሳሳድግ፣ ጭረታቸውን ስጠግን፣ ፍሬም ስገጥምላቸው ከረምኩ። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን ፎቶ ተቀብለው ሲወጡ ከኋላቸው ቆሜ፣ የሚንቀሳቀስ ወንድ ማንሳት አማረኝ። የሚሮጥ፣ የሚያልበው፣ የሚዘል። አምሮት ማለት ሌላ አይደለም፤ አፌ ውስጥ ነበር የተሰማኝ።

ዕድሉን የሰጠኝ አንድ የልብስ ነጋዴ ነው። የሚሸጣቸውን ሸሚዞችና ኮቶች ለከተማው ጎረምሶች አልብሼ እንዳነሳለት ጠየቀኝ፤ ፎቶውን በስልኩ እየላከ ሊሸጥበት። ሞዴሎች አልናቸው። ከመካከላቸው ባጃጅ ነጂ ነበር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፣ ሥራ ፈት ነበር። ያኔ ነው ወንድን ማንሳት እንዴት እንደሚያስቸግር የተማርኩት። ወንድ ልጅ ካሜራ ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚጠፋበት እጁ ነው። ኪሱ ይከተዋል፣ ያወጣዋል፣ ደረቱ ላይ ያጣምረዋል፤ በመጨረሻ ጡጫውን ይጨብጥና ቁርጥ አባቱን ሆኖ ያርፈዋል። "ቁም" ካልኩት ይደርቃል። ስለዚህ ቁም ማለት ተውኩ። ደረጃ አስወጣቸዋለሁ፣ ወንበር አሸክማቸዋለሁ፣ ስለ እናታቸው እጠይቃቸዋለሁ፤ መልሱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት ሲያደርጉ የካሜራውን ቁልፍ እጫናለሁ። ያቺ ቅጽበት ብቻ ናት የነሱ።

ሰፈሩ ግን ያወራ ጀመር። "ወንድ እየገተረች ስታይ ትውላለች" ተባልኩ። አላገባሁም፤ ወደ አርባም እየተጠጋሁ ነበር፤ ስለዚህ ወሬው እግር ለማውጣት አልተቸገረም። ወንድ ፎቶ አንሺ የሙሽሪትን አገጭ ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲያስተካክል ቢውል ሥራ ነው። እኔ የአንድ ጎረምሳ ኮሌታ ስነካ ነውር ሆነ።

ልጁን ያገኘሁት መርሳ፣ ላነሳ የሄድኩበት ሠርግ ላይ ነው። ልጅ የምለው ልምድ ሆኖብኝ እንጂ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። መርሳ ላይ ማንጎና ፓፓያ የሚጭኑ መኪኖች ላይ ጫኝ ነበር፤ እሁድ እሁድ ከከተማው የኪነት ቡድን ጋር ይጨፍር ነበር። ሽርጥ ታጥቆ፣ ዱላውን አንገቱ ላይ አጋድሞ ወደ ክቡ ሲገባ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አፈገፈገለት። ትከሻው መጀመሪያ አልተንቀሳቀሰም። ቆመ፤ አዳመጠ፤ ከበሮው ሁለት ዙር አለፈው። ከዚያ ከየት እንደመጣ ሳላይ ገላው ውስጥ አንድ ነገር ተነሳና አንገቱ ደረሰ። ሙሽሮቹን ረስቼ እሱን ሳነሳ ቆየሁ። የሙሽራው አጎት መጥተው ክንዴን ነኩኝ፤ "እኛ የቀጠርንሽ ለሙሽሮቹ ነው" አሉኝ።

ሠርጉ ሲበተን ጠራሁትና ላነሳው እንደምፈልግ ነገርኩት።

"ፊቴን ነው ጭፈራዬን?" አለኝ።

"ጭፈራህን።"

"ጭፈራ እኮ ቪዲዮ ነው፤ ፎቶ ይሆናል እንዴ?"

"እኔም አላውቅም። እንሞክረዋ።"

ሳቀና፣ "እናቴን ጠይቂያት እንግዲህ፤ እሷ እሺ ካለች እኔ ምን ቸገረኝ" አለኝ።

እናቱ የሚኖሩት ከመርሳ ገባ ብላ ባለችው ግራና ነበር። በገበያ ቀን ሄድኩ። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ የትልቅ ልጃቸው ፎቶ ተሰቅሏል፤ እንደማሳድጋቸው ያለ ፎቶ፣ ጆሮዎቹ እኩል የሚታዩ። ሌላ ሰው ነው ያሳደገው፤ ቢሆንም ለማየት አፈርኩ። ሰላምታችንን ተለዋወጥን፤ ማሽላቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ።

"ልጅዎን ፎቶ ላነሳው ብዬ ነበር። ይፈቅዱልኛል?"

"ምን ሊሆነው?"

"ጭፈራውን ሰው እንዲያይለት ነው።"

ወደ ግድግዳው ዞሩ። "እዚህ ቤት ትልቅ ፎቶ ያለው የሞተው ነው" አሉ። "ይሄኛው በቁሙ ምን ያደርግለታል?"

ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "እማ፣ ፎቶ ለመነሳት ልሙት እንዴ!" አለ። "አፍህን ያዝ!" ብለው ጮኹበት። ከዚያ ግን በግድ ፈገግ አሉ። ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኙኝና፣ "አሏህ ይጠብቃችሁ። ልጄ፣ ያለኝ እሱ ነው" አሉኝ።

አንድ ዓመት ያህል አብረን ሠራን። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴ መንገድ ላይ ባለችው ሲሪንቃ ወርዶ ይጠብቀኛል፤ ከአስፋልቱ ገባ ብለን ማሽላው ዳር፣ ወይ አጨዳ ያለቀበት ማሳ ላይ እንሠራለን። ለብርሃን መመለሻ ነጭ አንሶላ አጥር ላይ እሰቅላለሁ። እስክስታ ለካሜራ አይገዛም። የካሜራውን ፍጥነት ከፍ አድርጌ ባነሳው ትከሻው ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ትከሻ ይሆናል፤ ዝቅ ባደርገው ሰውየው ራሱ ይጠፋል። ለብዙ ሳምንት አልተሳካልኝም። አንድ ቀን እሱ ነው ያስተማረኝ።

"እታለም፣ አንቺ ትከሻዬን ነው የምትጠብቂው" አለኝ። እታለም ነበር የሚለኝ፤ እንደ ታላቅ እህቱ። "ትከሻ ያታልላል። ጉልበቴን እዪ። ሁሉም የሚጀምረው ከጉልበት ነው፤ ትከሻው ሲደርሰው ነገሩ አልቋል።"

ከዚያን ቀን ወዲህ ጉልበቱን ማየት ጀመርኩ። ጉልበቱ ላላ ሲል ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ወዲያው እጫናለሁ። ፎቶዎቹ ሕይወት ዘሩ። አብረን ቁጭ ብለን ስናያቸው ደግሞ ከእኔ የባሰ ጨካኝ ነበር። "ይሄ ሞቷል፣ አጥፊው። ይሄ ለሰው ይምሰል ነው፣ አጥፊው። ይሄ... ቆይ። ይሄስ እኔ ነኝ።" በሥራዬ እንዲህ ያየልኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ከዚያ በኋላም የለም።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ያለ አንድ የባህል ቡድን ተወዛዋዥ ይፈልጋል የሚል ወሬ ሰማ። ካነሳሁት ውስጥ ስድስቱን መርጠን ላክንለት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደወሉና ለፈተና ና አሉት። የሰጡት ቀን ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እናቱ ጾሙ፣ ለመኑ፤ ጓደኞቹ ጫማ ገዙለት። የሚያስፈልገው ፎቶ ሁሉ ቀድሞ ሄዶለታል። ይህን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያነሳሁት ለእሱ አልነበረም። ለእኔ ነው። ሊሄድብኝ ነው፣ ገና አንድ የምፈልገው ፎቶ ይቀረኛል ብዬ ነው።

የፈለግኩት ዝላይ ነበር። ከመርሳ በላይ ያለው ተዳፋት ላይ የድንጋይ እርከኖች አሉ። ከላይኛው እርከን ተነስቶ ወደ ታችኛው ሲዘል፣ ሽርጡ ተነፍቶ፣ ዱላው በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ሆኖ፣ ከኋላው ሰማይ ብቻ እንዲሆን። እኔ ከታች በደረቴ ተኝቻለሁ። ስንት ጊዜ እንደዘለለ አልቆጠርኩም። አንዴ ሽርጡ ፊቱን ሸፈነው፤ አንዴ ዱላው ተንጋደደ፤ አንዴ እኔ ዘገየሁ። ጥሩ የሚባል ወጥቶልኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያ ይበቃው ነበር።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ስትጠጋ ብርሃኑ ቀላ፤ እንደዚያ የሚሆነው ለጥቂት ደቂቃ ነው። እሱ እርከኑ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን ይዳስሳል።

"እታለም፣ በቃን። እግሬ ተንቀጠቀጠ።"

"አንዴ ብቻ" አልኩት። "የመጨረሻ።"

"ቅድምም የመጨረሻ ብለሽኛል።"

"ብርሃኑን አታየውም? አንዴ ብቻ፣ በእናትህ።"

ተነሳ፣ ሽርጡን ጠበቅ አደረገ፣ ወደ ኋላ ሄደ። ጉልበቱን አየሁ። ላላ አለ፤ ተነሳ። እኔም ተጫንኩ።

ሲወርድ ግራ እግሩ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ አረፈና ወደ ውስጥ ታጠፈ። ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ወደቀ፤ አልጮኸም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ወደ እሱ ከመሮጤ በፊት የካሜራውን ስክሪን አየሁ። ሁለት ሰከንድ፣ ምናልባት ሦስት። ፎቶው ወጥቷል። ሽርጡ፣ ዱላው፣ አንገቱ፣ ሰማዩ፣ ሁሉም እንዳሰብኩት። እና ደስ አለኝ። እንዲያው ሌላ ቃል የለውም፤ ደስ አለኝ። ቀና ስል ጉልበቱን በሁለት እጁ አቅፎ እያየኝ ነበር።

ማሳ ላይ የነበሩ ሁለት ገበሬዎች ተሸክመው አስፋልቱ ድረስ አወረዱልን። በባጃጅ መርሳ፣ ከመርሳ በሚኒባስ ወልድያ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ጉልበቱ ውስጥ ያለው ጅማት መበጠሱን ነገረን፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል፣ አዲስ አበባ ይሂድ አለ። በመንገዱ ሁሉ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። "ለእናቴ ከመኪና ላይ ስወርድ ወደቅኩ ነው የምላት። አንቺም እንደዚያው በዪ።"

በሦስተኛው ቀን ግራና ሄድኩ። እናቱ ወጌሻ አምጥተው ጉልበቱን አሳሽተው፣ በጨርቅ አስረውለት ተኝቷል። ሁሉንም ልናገር ቆርጬ ነበር የገባሁት። እናቱ ገና ሲያዩኝ እጄን ያዙኝ።

"ወድቆ ያነሳሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። አሏህ ይስጥሽ፣ ልጄ።"

"እማማ፣ እኔ..."

"እናቴ፣ ውሃ አምጪልኝ" አለ ልጁ ከአልጋው። ውሃው አጠገቡ ነበር።

"ቀደር ነው" አሉ እናቱ ሲመለሱ። "የተጻፈ ነው። አንቺም ጠቁረሻል፣ በይ ብዪ።" ከፊቴ ምግብ አቀረቡና አጎረሱኝ፤ በላሁ። ሰድበውኝ ቢሆን፣ ፀጉሬን ይዘው ከቤታቸው ቢያስወጡኝ ኖሮ፣ እውነቱን ዛሬ ያውቁት ነበር። ያቺን ጉርሻ ከዋጥኩ በኋላ ግን መናገር አልቻልኩም። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

የማሳከሚያውን ገንዘብ ከራሴም ከሰውም አሰባስቤ ወሰድኩለት። "ምን ብዬ እቀበልሻለሁ? እናቴ ለምን ሰጠችህ ብትለኝስ?" ብሎ መለሰው። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከርኩ። የወጌሻው እሽት እብጠቱን አጎደለለት፤ ጉልበቱን ግን አልመለሰለትም። የፈተናው ቀን መጣና አለፈ። ያን ቀን አልደወልኩለትም።

ወራት ካለፉ በኋላ ወልድያ አንድ አዳራሽ ውስጥ የአካባቢው ባህል ዐውደ ርዕይ ይዘጋጃል ተባለ፤ ፎቶ እንዳቀርብ ጠየቁኝ። አሥር መረጥኩ፤ ያቺ የመጨረሻዋ የዝላይ ፎቶ አልነበረችበትም። ልሰጥ የሄድኩ ዕለት ግን አሥራ አንደኛ አድርጌ ጨመርኳት። ለእሱ ክብር ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ስልኬ እጄ ላይ ነበር። ደውዬ ልጠይቀው እችል ነበር፤ እንቢ ሊለኝ እንደሚችል ስለማውቅ አልደወልኩም።

አስፍተው አትመው ከመግቢያው ፊት ለፊት ሰቀሏት። ሞዴሎቹን ካነሳሁ ጀምሮ ሲያሙኝ የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ እየመጡ አቀፉኝ። የመክፈቻው ንግግር እንዳለቀ፣ እንግዶቹ ሲዞሩ፣ እሱን አየሁት። አንድ የመርሳ ሰው ነግሮት ነው የመጣው። ምርኩዝ ይዟል። ፎቶዋ ሥር ቆሞ ወደ ላይ ያያል። ከተጋባዦቹ አንዱ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሹም፣ አጠገቡ ቆመው ነበር።

"ይሄ ነው ወሎ ማለት!" አሉ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ። "ይሄን ልጅ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። በበዓሉ ይጨፍርልናል!"

ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። "የኔ ልጅ፣ አንተ ከየት ነህ?"

"ከመርሳ።"

"እንግዲያ ታውቀዋለህ!"

"አውቀው ነበር" አላቸው። "አሁን አይጨፍርም።"

"ለምን?"

"ጭፈራውን ተወው።"

ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ያሳዝናል። የዛሬ ወጣት የያዘውን አያውቅም" ብለው ወደሚቀጥለው ፎቶ አለፉ። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር።

ሲወጣ ተከተልኩት። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ጤነኛ እግሩን እያስቀደመ ወረደ። ታች ላይ ቆመልኝ።

"ይቅር በለኝ" አልኩት። "ባላዘልልህ ኖሮ..."

"መዝለሉንስ እኔ ነኝ የዘለልኩት" አለኝ። "ማንም አልገፋኝም። እሱን አልያዝኩብሽም።"

"ታዲያ?"

ምርኩዙን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "ወድቄ ሳለ፣ ወጣ ወይ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር። እውነቴን ነው፤ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። ከዚያ ቀና ብዬ ሳይሽ አንቺ እያየሽው ነው። ያኔ ነው ያመመኝ።"

"ፎቶውን አስወርጂው" አለኝ። ባጃጅ አስቆመና እግሩን በእጁ አንስቶ አስገባ።

እንዲያወርዱት በነጋታው ጠየቅኩ። አስተባባሪው "ምን ነካሽ? እንዲህ ያለ ፎቶ ይወርዳል እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። አንድ ጊዜ ጠየቅኩ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ከዚያ ለበዓል ባነር ፈለጉት፣ ቀጥሎ ለቀን መቁጠሪያ፤ እኔም ሰጠሁ። ከደሴም ከሌላም አገር ሥራ መጣልኝ። ዝላይ የምታነሳዋ ሴትዮ እየተባልኩ ነው የምጠራው። የማነሳቸው ሞዴሎችም ተወዛዋዦችም እንደዚያ አንሺን ይሉኛል። ከመሬት እንዲነሱ አልፈቅድላቸውም፤ ምክንያቱን ስለማልነግራቸው ደግሞ ሥራዬ እንደቀዘቀዘ ያወራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቀዝቅዟል። ጉልበታቸውን ሳይ እጄ ይዘገያል።

እሱ አሁን መርሳ አስፋልቱ ዳር ፍራፍሬ ይሸጣል። ባለፈው ዓመት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እዚያው ቆመ። መውረዴን ወርጄ ነበር፤ ወደ ኋላ ማለት አልቻልኩም። ከክምሩ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

"ደህና ዋሉ?" አለኝ። "ምን ልስጥዎት?"

ሌላ ሰው የሚያናግር መስሎኝ ዞር አልኩ። ከኋላዬ ማንም የለም።

"ፓፓያ" አልኩ።

"ለዛሬ የሚበላ ነው ወይስ የሚቆይ?"

"የሚቆይ።"

ሁለት መረጠልኝ፤ በጥንቃቄ፣ እየዳሰሰ። መልሱን በሁለት እጁ ሰጠኝ። "በሰላም ይግቡ" አለኝ። ንግግሩ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም። እኔም ለአንድ እንግዳ ሰው እንደሚመለስ "አመሰግናለሁ" ብዬ ወደ ሚኒባሱ ተመለስኩ።

ዘንድሮ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች ብለው ነገሩኝ። ለሕፃኗ ጋቢ ሸማኔ ዘንድ አሠራሁ፣ ለእናቱም ሻሽ ገዛሁ፤ ግራና ለመሄድ መርሳ ድረስ በሚኒባስ ሄድኩ። የግራና መኪና ሞልቶ ሊነሳ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር፤ ረዳቱ "እትዬ፣ ግቢ!" እያለ ይጣራል። ሌላ ሴት ገባችና ሄደ። ቀጣዩም መጣና ሄደ። እናቱ አቅፈው ሲስሙኝ፣ ብዪ ሲሉኝ፣ እሱ ከእናቱ ፊት "እንኳን ደህና መጡ" ሲለኝ ታየኝ። በዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ወልድያ በሚመለስ መኪና ተሳፈርኩ። ጋቢውን ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠሁት።